በአንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የተቀጠሩ ምሩቃን ተስፋ መቁረጥ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ

ይህ ጽሑፍ በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ዞን ባለች አንዲት ወረዳ፣ በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ የተቀጠሩ ሦስት ምሩቃን የገጠማቸውን ተስፋ መቁረጥ፣ መሥሪያ ቤቱ የወሰዳቸውን እርምጃዎችና የተገኘውን ውጤት ይመዘግባል። የወረዳዋንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። እኔ በዚያን ጊዜ በወረዳው የሰው ሀብት ሥራ ላይ ነበርኩ። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን ያወጣነው፣ ፈተናውን ያዘጋጀነውና የምደባ ደብዳቤውን የጻፍነው እኛ ስለነበርን፣ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ጥፋት ድርሻ እንዳለኝ አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

አዲስ ተቀጣሪ ምሩቅ ሥራው እንደሰለቸው ሲናገር ሁለት የተለመዱ መልሶች ይሰጡታል። ነባር ሠራተኞች የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም ይላሉ፤ የምሩቁ ጓደኞች ደግሞ በዚህ አገር መማር ዋጋ የለውም ይሉታል። ሁለቱም ሥራው ራሱ እንዴት እንደተደራጀ አይመረምሩም። በእኛ መሥሪያ ቤት ችግሩ የነበረው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ ይህን ለመገንዘብ ግን አምስት ወር ያህል ፈጅቶብናል።

መሥሪያ ቤቱና ሥራው

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ከዚያም ይህን በተካው አዋጅ ቁጥር 252/2009 ሲመራ ቆይቷል። በምዝገባው መሠረት የእያንዳንዱ አርሶ አደር ይዞታ በቀበሌው ባሕር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ባለይዞታውም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠዋል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይኖራል። ከዚህ በኋላ በመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ደግሞ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን ተለክቶ በካርታ ይያዛል፤ መረጃውም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። መሬት ሊሸጥ ስለማይችል ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይና በፍቺ የሚደረግ ክፍፍል ሁሉ በዚህ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋሉ። አንድ ገበሬ ከጎረቤቱም ሆነ ከወንድሙ ጋር ቢካሰስ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ የሚጠይቀው ከዚሁ ቢሮ ነው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ የአካባቢው መሥሪያ ቤቶች ንብረት ተዘርፏል፣ ሰነዶችም ወድመዋል። የእኛው ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮቹን በሙሉ አጣ። ማኅደሮቹ ከመደርደሪያ ወርደው ወለል ላይ ተበትነው ተገኙ፤ ከፊሎቹ ዝናብ ገብቶባቸው ተጣብቀው ነበር። ሦስቱ ምሩቃን የተቀጠሩት ይህ ሁሉ ከሆነ ከአንድ ዓመት በታች ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የተበተነውን መልሶ መሰብሰብና ወደ አዲስ ኮምፒዩተሮች ማስገባት ሆነ።

ሦስቱ ተቀጣሪዎች

አንደኛዋ በጂኦግራፊ፣ ሁለተኛው በማኔጅመንት፣ ሦስተኛው በስታትስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ነበሩ። ሁለቱ የገበሬ ልጆች ሲሆኑ የማኔጅመንት ምሩቁ ደሴ ተወልዶ ያደገ ነው። ሦስቱም ከተመረቁ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈልገዋል፤ ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር ከሰሌዳ ሰሌዳ ዞረዋል።

ማስታወቂያችን የሥራ መደቡን «የመሬት ምዝገባና መረጃ ባለሙያ» ብሎ ይጠራው ነበር። በተግባር ግን ሥራው በሦስት ተቆርጦ ነበር። የማኔጅመንት ምሩቁ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥርና ቀን እየጻፈ በመዝገብ ያሰፍራል። የስታትስቲክሱ ምሩቅ የተበተኑ ማኅደሮችን በቀበሌ በቀበሌ ለይቶ በፐንቸር እየበሳ ክላሰር ውስጥ ያስገባል። የጂኦግራፊዋ ምሩቅ የመስክ ቅጾችን እያየች ወደ ኮምፒዩተር ትገለብጣለች፤ ዕቅዷም በቀን 40 ቅጽ ነበር። ማንኛቸውም ሰነዱ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አያዩም ነበር። ባለጉዳዩን በመስኮት የሚያነጋግረው ሌላ፣ ውሳኔ የሚሰጠው ሌላ፣ መስክ የሚወጣውም ሌላ ነበር።

ችግሩ እንዴት እንደታየ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በጸጥታ አለፉ። አዲስ ሠራተኛ የ6 ወር የሙከራ ጊዜ ስላለበት ቅሬታውን በግልጽ አይናገርም፤ ዝምታቸውንም እኛ እንደ እርካታ ወሰድነው። በኅዳር ወር ላይ ግን የማኔጅመንት ምሩቁ ማለዳ ሲያረፍድ፣ የሻይ ሰዓቱም ሲረዝም ተስተዋለ። የስታትስቲክሱ ምሩቅ በቀን አሥር ቃል እንኳ የማይናገር ሰው ሆነ። ሰብስበን ስናነጋግራቸው የመጀመሪያ መልሳቸው ምንም ችግር የለም የሚል ነበር። ቆየት ብሎ የስታትስቲክሱ ምሩቅ የተናገረውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፦ «አባቴ በጋዋን የተነሳሁትን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ልጄ ወረዳ ላይ ባለሙያ ነው ይላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስበሳ ነው የምውለው። በዓል ሲደርስ እንኳ ሥራህ ምንድን ነው እንዳይለኝ ፈርቼ አገር ቤት መሄድ ትቻለሁ።»

ይህን በሰማሁበት ቀን ጉዳዩ የስንፍና አለመሆኑ ገባኝ። ይህ ወጣት ሥራውን አልጠላም፤ ስለ ሥራው ለአባቱ የሚናገረው ነገር ነው ያጣው።

ሞክረን ያልተሳኩልን እርምጃዎች

በመጀመሪያ ስለ ሥራ ተነሳሽነት የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጠን። ምሩቃኑ በአክብሮት አዳመጡ፣ የቀረበውን ቆሎና ለስላሳ ተካፈሉ፣ በማግስቱ ወደዚያው ሥራ ተመለሱ። ሰው ስሜቱን እንዲቀይር ነግረን ሥራውን እንዳለ መተዋችን በራሱ ስድብ ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም ነበር።

ቀጥለን በቅርቡ ዕድገት ይኖራል ብለን ተስፋ ሰጠን። ዕድገት ግን የአገልግሎት ዘመንና ክፍት መደብ የሚጠይቅ በመሆኑ ቃሉ በእጃችን ያልነበረ ቃል ነው። የማኔጅመንት ምሩቁ መመሪያውን ራሱ አንብቦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህንኑ ነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንለውን ሁሉ በጥርጣሬ ይሰማ ነበር፤ አልፈርድበትም።

ሦስተኛው እርምጃ ማዘዋወር ነበር፤ ሦስቱ በየሁለት ሳምንቱ ቦታ እንዲለዋወጡ አደረግን። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ውጤት እንደሚያመጣም አምኜ ነበር። አንዱ ደብዳቤ መመዝገብን ተለማምዶ ሲጨርስ ወደ ቅጽ መገልበጥ ይሄዳል፤ ቅጹን ማንበብ ሲጀምር ወደ ማኅደር ይዛወራል። ሁሉም ዘወትር ጀማሪ ሆኑ። ስህተት ሲገኝ ደግሞ በማን ተራ እንደተሠራ ማወቅ ስላልተቻለ ተጠያቂው ጠፋ። ሦስት አሰልቺ ሥራዎችን ማፈራረቅ አንዱንም የማያሰለች አያደርገውም። በጥር መጀመሪያ ላይ አቆምነው።

የአንዲት እናት ጉዳይ

በጥር ወር የመኸሩ ምርት ገብቶ ገበሬው ጊዜ ስለሚያገኝ፣ ለበልግ እርሻም ኪራይ የሚመዘገብበት ወቅት ስለሆነ ቢሮው በባለጉዳይ ይሞላል። በአንድ የገበያ ቀን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ማሳቸውን በኪራይ ለመስጠት ይመጣሉ። ኮምፒዩተሩ ግን ማሳውን በሟች ባላቸው ስም ብቻ ያሳያል። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። በዚያ ቀን መስኮቱ ላይ ሰው ስለጎደለ የጂኦግራፊዋ ምሩቅ ተተክታ ነበር።

«እማማ፣ ይቀመጡ፤ ምን ልርዳዎት?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው፦ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ፎቶዬ አለ። እዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ግን የለሽም ይሉኛል። የባሌ ወንድም ይህን ከሰማ ዛሬ ማታ አጥሬ ውስጥ ነው የሚያርሰው» አሏት።

ምሩቋ የመስክ ቅጹን ስትፈልግ ራሷ የገለበጠችው ሆኖ አገኘችው። የሚስት ስም የሚጻፈው በቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ግን ያ ቦታ ባዶ ቢሆንም መረጃውን ይቀበላል። በቀን 40 ለመሙላት ስትጣደፍ ሁለተኛውን ገጽ አልገለጠችውም ነበር። ስህተቱ የእሷ መሆኑን ለእናቲቱ በግልጽ ነገረቻቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ዋናው መገኘቱ ነው» አሏት። ማስተካከያው የቀበሌውን ኮሚቴ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ በዚያ ቀን አላለቀላቸውም፤ ለአራተኛ ጊዜ መመለስ ነበረባቸው።

እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሠራተኛን ያነቃል፣ ሥራውን እንዲወድ ያደርገዋል ተብሎ ይታሰባል። እዚህ የሆነው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ምሩቋ ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱን ቅጽ ሁለት ጊዜ ከባሕር መዝገቡ ጋር ማመሳከር ጀመረች፤ በቀን የምትጨርሰውም ወደ 15 ወረደ። በሳምንቱ መጨረሻ በተደረገው የዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ ዝቅተኛ ተብላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ወረቀቱን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ ባለፈው ወር 40 ስሞላ ስህተቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በዚህ ሳምንት 15 በትክክል ስሞላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። የትኛውን ነው የምትፈልጉት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳ ጠየቅን፤ ተነሳም። ጥያቄዋ ግን ከዚያ በኋላ ለተደረገው ሁሉ መነሻ ሆነ።

ሥራውን በቀበሌ መክፈል

ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ከምዝገባ ቡድን መሪው ጋር ተነጋግረን በየካቲት ወር አንድ ለውጥ አደረግን። የወረዳውን ቀበሌዎች በሦስት ምድብ ከፍለን እያንዳንዱን ምድብ ለአንድ ምሩቅ ሰጠን። ምሩቁ በምድቡ ካለ ቀበሌ የመጣን ባለጉዳይ ራሱ ይቀበላል፣ ደብዳቤውን ራሱ ይመዘግባል፣ ማኅደሩን ያወጣል፣ ቅጹን ከባሕር መዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል፣ ጉዳዩ ሲያልቅም ማኅደሩን መልሶ ያስቀምጣል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ከመስክ ሠራተኞች ጋር ወደ ቀበሌው ወርዶ የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ያገኛል። አንዱ ያስገባውን መረጃ ሌላው ያያል፤ ፊርማውና ማኅተሙ ግን በቡድን መሪው እጅ ቆየ። በመሬት ጉዳይ ላይ አዲስ ሠራተኛ ብቻውን እንዲወስን ማድረግ ለባለጉዳዩም ለሠራተኛውም አደጋ እንዳለው ሁላችንም ተስማምተናል።

መለኪያውም ተቀየረ። የተሞላ ቅጽ መቁጠር ቀርቶ የተቋጨ ጉዳይና በስህተት ምክንያት የተመለሰ ጉዳይ መቁጠር ተጀመረ። ይህ ለውጥ ከቀበሌ ክፍፍሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም ለዞን የሚላከው ሪፖርት አሁንም የቅጽ ብዛት ይጠይቃል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር እየያዝን ነበር የምንሠራው።

መገልበጡ አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ባለጉዳይ ሳይበዛ ሦስቱም ቅጽ ሲገለብጡ ያረፍዳሉ። የመብራት መቆራረጡም እንዳለ ነው። ልዩነቱ አሁን የሚገለበጠው ስም ባለቤት ያለው መሆኑ ነው፤ ከነገ ወዲያ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስሙን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ገልባጩ ያውቃል። ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራን ትርጉም ያለው የሚያደርጉትን ሲዘረዝሩ፣ አንድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞ መጨረስን፣ ሥራው በሌሎች ሕይወት ላይ ያለውን ክብደት ማየትንና የሥራን ውጤት ራስ ማወቅን ይጨምራሉ። እኛ ይህን አንብበን አልተነሳንም፤ አንዲት ሠራተኛ ጠይቃን ነው የደረስንበት። ዝርዝሩን ባየሁ ጊዜ ግን በሦስት የቆረጥነው ሥራ ከእነዚህ አንዱም እንዳልቀረለት ተረዳሁ።

ያልጠበቅነው አንድ ጥቅምም ተገኘ። በእኛ አካባቢ ሰይድ፣ መሐመድ፣ ሐሰን የሚባሉ ስሞች በየቤቱ አሉ፤ አጻጻፋቸው ግን እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አንዱ መዝገብ ላይ «ሰይድ» የተባለው ሌላው ላይ «ሠይድ» ወይም «ሰዒድ» ሆኖ ይገኛል። መሐመድም «ሙሐመድ» እና «ሞሐመድ» እየተባለ ይጻፋል። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሲፈልግ የለም ይላል። የስታትስቲክሱ ምሩቅ በምድቡ ካሉ ቀበሌዎች ተነስቶ የስሞቹን አጻጻፎች በሰንጠረዥ አሰባሰበ፤ ለእያንዳንዱ ስም የሚፈለጉትን ፊደላት ሁሉ ደረደረ። ሰንጠረዡ ታትሞ በየጠረጴዛው ተለጠፈ። የለህም ተብለው ከሚመለሱ ሰዎች ብዙዎቹ መዝገባቸው እዚያው ቢሮ ውስጥ እንደነበር የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ወጣት ማኅደር እየበሳ ሳለ እነዚህን ስሞች በየቀኑ ያያቸው ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም የእሱ ጉዳይ አልመሰለውም።

የመዝገብ ቤቱ አዛውንት

አዲሱን አሠራር በጽኑ የተቃወሙት ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ባሕር መዝገቦቹ ያሉበትን ክፍል ቁልፍ ለሁለት ሳምንት ያህል ለምሩቃኑ አልሰጡም። ኃላፊው በደብዳቤ ሊያዛቸው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን አስቀድሜ ላነጋግራቸው ፈቃድ ጠየቅሁ።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ የጥቂት ቀበሌዎችን ባሕር መዝገብ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ሌሊት ወደ ቤታቸው እንደወሰዱ፣ ከእህል ጎታ ሥርም ደብቀው እንዳቆዩ የነገሩኝ በዚያን ጊዜ ነው። የመንግሥት ሰነድ ያለ ፈቃድ ማውጣት ስለሚያስጠይቅ ለማንም አልተናገሩም፤ ሰላም ሲሆን ያለ ርክክብ ወረቀት መልሰው ከቦታው አስቀመጡት። እንዲህ ያዳኑትን መዝገብ የሁለተኛ ገጽ መግለጥ ለማይችል ልጅ አልሰጥም ነበር ያሉት። ቁጣቸው ከሥልጣን ፍላጎት የመነጨ መስሎን ነበር፤ ስጋታቸው ግን በቂ ምክንያት ነበረው።

በመጨረሻ የተስማማነው ቁልፉ በእሳቸው እጅ እንዲቆይ፣ እያንዳንዱ ምሩቅ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ንባብን፣ አሕጽሮተ ቃላትንና የአዋሳኝ አጻጻፍን እንዲማር ነው። ምሩቃኑ ከዚያ በፊት እኚህን ሰው የሚያዩት እንደ ማስፈራሪያ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ማሳያ አድርገው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ጋሼ እያሉ ቡና የሚጠጡት አብረዋቸው ነው። ይህ ግንኙነት ምን ያህል እንደረዳ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ያቀድነውም አልነበረም።

ውጤቱ

እስከ ግንቦት ድረስ በስህተት የሚመለሱ ጉዳዮች ከጥር ጋር ሲነጻጸሩ ቀንሰዋል። ይህን ሁሉ ለአሠራሩ መስጠት ግን ትክክል አይሆንም፤ በግንቦት ገበሬው ወደ እርሻ ስለሚገባ የባለጉዳዩ ቁጥር ራሱ ይቀንሳል። በቀን የሚገለበጠው ቅጽ ከቀድሞው አነሰ፤ ይህም ከዞን ጥያቄ አስነስቶብናል።

የጂኦግራፊዋ ምሩቅ በሥራዋ ቀጠለች። የስታትስቲክሱ ምሩቅ ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ ተመልሷል። የማኔጅመንት ምሩቁ በሚያዝያ ወር ለቅቆ ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ በገንዘብ ከፋይነት ተቀጠረ። ሲሰናበት፣ ያኛውም ሥራ ተደጋጋሚ መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ሆኖም ባንኩ ከመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚሠራ በግልጽ እንደነገረው ገለጸልኝ። የእሱን መልቀቅ የአዲሱ አሠራር ውድቀት አድርጌ አልቆጥረውም። የተታለለው በመስከረም በማስታወቂያችን ነው፤ በየካቲት የተደረገ ማሻሻያ ያንን ሊመልስ አይችልም ነበር።

ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የማስታወቂያውን ነገር ነው። ሥራው ለመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው መገልበጥና መደርደር ከሆነ ይህ በግልጽ ይጻፍ፤ ቢቻል ተፈታኞች ከመፈረማቸው በፊት ግማሽ ቀን ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ይዩት። አመልካች ይቀንሳል የሚል ስጋት ሲነሳ ሰምቻለሁ። ሥራ ፈላጊ በበዛበት በዚህ ዘመን ስጋቱ ትልቅ አይመስለኝም፤ አውቆ የገባ ሰው ደግሞ እንደተካደ አይሰማውም።

ሁለተኛው ሥራን በደረጃ ከመቁረጥ በአካባቢ ወይም በባለጉዳይ መክፈል ነው። ይህ ለመሬት ብቻ አይደለም፤ ለገቢዎች፣ ለወሳኝ ኩነት ምዝገባና ለማዘጋጃ ቤትም ይሆናል። ተጨማሪ በጀትም ሆነ አዲስ መደብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የቅርብ ኃላፊውን ጊዜ ነው፤ የእኛ ቡድን መሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማታ ማታ ያመሽ ነበር፤ ይህን ሸክም ሳይቆጥሩ መጀመር አይገባም።

መለኪያው ካልተቀየረ ክፍፍሉ ብቻውን አይጠቅምም። ብዛት ብቻ የሚቆጥር ግምገማ ጠንቃቃውን ይቀጣል፤ ቸልተኛውን ይሸልማል። ማዘዋወርን በተመለከተ ደግሞ ሠራተኛው አንዱን ሥራ በሚገባ ሳይዝ በፊት ባይሞከር ይሻላል።

እስከ ሰኔ ያልተፈታው

በ2015 ሰኔ መጨረሻ ይህን ማስታወሻ ስጨርስ ሁለት ነገሮች እንዳሉ ነበሩ። የሥራ መዘርዝሩ አልተቀየረም፤ አዲሱ አሠራር የቆመው በኃላፊውና በቡድን መሪው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ አንዳቸው ቢዛወሩ ሊፈርስ ይችላል። ለዞን የላክነው የማስተካከያ ጥያቄ መልስ አላገኘም። በለቀቀው ምሩቅ ምትክ ለሚቀጠረው ሰው የሚወጣውን ማስታወቂያ ግን እንደገና ጽፈነዋል። የመጀመሪያው መስመር በቀን ውስጥ ምን ያህል ሰዓት በመገልበጥ እንደሚያልፍ ይናገራል፤ ሁለተኛው ተቀጣሪው የሚረከባቸውን ቀበሌዎች በስም ይዘረዝራል። የጂኦግራፊዋ ምሩቅ ረቂቁን አይታ በሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምራለች፦ የቅጹ ሁለተኛ ገጽ ሳይገለጥ ምዝገባ አይፈጸምም።